የማናለሽ ገብስማ

ያን ዓመት የዶሮ በሽታው ፈንግል ቢቸና ሲገባ የጀመረው ከነጋዴው ከገላው ጓሮ ነው አሉ። ጠዋት ስትጭር የታየች ዶሮ ማታ አንገቷን ጥላ ትገኛለች፤ ማታ ቆጥ ላይ የወጣችው ሲነጋ ከሥር ወድቃለች። ጎረቤቱን ሁሉ ከእንቅልፉ ሲቀሰቅስ የኖረው አውራ ዶሮ እንኳ አንድ ቀን አፉን ከፍቶ ሳይጮህ ቀረ። ኅዳር ሳይወጣ ጓሮው ጭር አለ፤ የተረፈችው አንዲት ገብስማ ብቻ ናት። እሷንም በሽታው ጨርሶ አልማራትም፤ አንገቷን ወደ ግራ አጣሞባት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰው ባየች ቁጥር ባንድ ዓይኗ አዘቅዝቃ እየተመለከተች፣ «አንተ ደግሞ የማን ነህ?» የምትል ትመስላለች። የገላው አማት እመት አሰጋሽ ይህን አስተያየቷን ወደዱላት። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ሰውን የሚያዩት እንደዚያው ሆነ።

ገብስማዋ የልጃቸው የማናለሽ ነበረች። ማናለሽ ከመታመሟ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ካስፈለፈለቻቸው ጫጩቶች አንዷ ናት። እመት አሰጋሽ ልጃቸውን ሊያስታምሙ ለሳምንት ብለው ከገጠር መጡ፤ ልጃቸውን ቀበሩ፤ አርባዋንም ሙት ዓመቷንም አውጥተው እዚያው ቀሩ። አማቻቸው ገላው ደግ ሰው ነው፤ ግን ነገር የማይታየው ዓይነት ደግ። «ይቆዩ» አላላቸውም፤ «ይሂዱ»ም አላላቸውም። ሰው ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። የገጠሩን መሬታቸውን የወንድማቸው ልጅ እንዲያርሰው ትተውለት ነበር፤ እሱም «የአክስቴ መሬት» ማለቱን ትቶ «የእኔ» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል።

ልጅ ከሞተች የአማች ቤት ምን ያኖራል? እመት አሰጋሽ ይህን ጥያቄ ለሰው አንስተው አያውቁም። ለገብስማዋ ጥሬ ሲበትኑላት ግን በሆዳቸው ያነሱት ነበር፤ እሷም ባንድ ዓይኗ አይታቸው ጥሬዋን ትለቅማለች።

በጥር ገላው ከሞጣ ሚስት አመጣ። ነውር አይደለም። ሙት ዓመቱ አልፏል፤ እሳቸውም ሽማግሌ ፊት ቀርበው በአፋቸው መርቀዋል። ሆዳቸው ግን ከምርቃቱ ጋር አልነበረም። አዲሷ ሚስት በዛብሽ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። እህል በሚያመላልሰው የጭነት መኪና ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ መጣች። ከሳጥኗ ሌላ በቅርጫት ሦስት ዶሮዎች ይዛለች፤ አንዲት ነጭና ሁለት ቀያይ ቄቦች። ወርዳ የእመት አሰጋሽን ጉልበት ከሳመች በኋላ ቅርጫቱን እንደያዘች፣ ዶሮዎቹን እንዴት እንድታደርጋቸው ጠየቀቻቸው።

መልሱን እመት አሰጋሽ አሳምረው ያውቁታል። እናታቸው ዶሮ በማርባት የታወቁ ሴት ነበሩ። ብቻዋን የከረመች ዶሮ ባለችበት ጓሮ ሌላ ሲገባ ነባሯን እሰሩ፣ መጤዎቹን ልቀቁ ይሉ ነበር። ነባሯ ታስራ ስትሰነብት አዲሶቹ ውኃውንም መጫሪያውንም ይለምዳሉ፤ ስትፈታም የኔ ነው ማለቱን ረስታ እንደ እንግዳ ቀስ ብላ ትቀላቀላለች። እንግዳዋን ማሰር የሚበጀው ሌላ ዶሮ በሌለበት ቤት ነው። ይህን ሁሉ እመት አሰጋሽ ያውቃሉ። ቀና ሲሉ ግን ገብስማዋ ደጃፉ ላይ ቆማ አንገቷን አጣማ ታያቸዋለች። የማናለሽ ዶሮ በገዛ ጓሮዋ ልትታሰር ነው?

«እግራቸውን እሰሪያቸዋ» አሉ፤ «ቤቱን እስኪለምዱ።»

በዛብሽ ገብስማዋንም እሳቸውንም አየችና «እሺ፣ እማማ» አለች። ሦስቱንም ከጓሮው ችካል ጋር አሰረቻቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። የታሰረ አይሸሽ፤ ገብስማዋም ጊዜ አልሰጠቻቸውም። ቄቦቹ እርስ በርሳቸው ተደብቀው በመጠኑ ዳኑ፤ ነጯ ግን አናቷ ተላጠ። እመት አሰጋሽ ከደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ይህ መደበቅ የለበትም። «ጎሽ» ሁሉ ብለዋል፣ ለራሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ነጩ ላባ ላይ ደም ሲያዩ ግን ፊታቸውን አዞሩ።

በዛብሽ ወጥታ ነጯን አቀፈቻት፤ አናቷን ቅቤ ቀባችላት። እመት አሰጋሽ መልስ አዘጋጅተው ጠበቁ። ዶሮ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ሞጣ ዶሮ አይጣላም ወይ፣ የሚል ደኅና መልስ ነበር። ግን የጠየቃቸው የለም። መልሱ ከሆዳቸው ጋር አደረ፤ ያልተነገረ መልስ ደግሞ እንደ ቃር ያቃጥላል።

ሁዳዴ ገባ። ዶሮዎቹ ከተፈቱ ቆይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን አልተፈታም። ገብስማዋ ጠግባ እስክትሄድ ከጎተራው ሥር ተወሽቀው ይጠብቃሉ፤ ማታ እሷ ቆጥ ላይ ስትወጣ እነሱ የማገዶ ክምር ላይ ያድራሉ። ዕንቁላል የሚባል ነገርም ከሦስቱ አልታየም። በዛብሽ በበኩሏ ሳትጠይቅ የምታደርገው ነገር የለም። ሽሮው ይህን ያህል ይበቃ እንደሆን፣ ጌሾው ከየት ላይ እንደሚሰጣ፣ የገላው ጋቢ ዛሬ ይታጠብ ወይስ ነገ፣ ሁሉን እመት አሰጋሽን ትጠይቃለች። እሳቸው ይህን ትሕትና አላመኑትም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባል የለ? እየጠየቀች እየጠየቀች አንድ ቀን «እርስዎ ደግሞ መቼ ነው የሚሄዱት?» ብላ እንደምትጠይቃቸው ነበር የሚጠብቁት።

የሆሳዕና ለት አመሻሽ ላይ ገላው የዘንባባ ቀለበቱን ጣቱ ላይ እንዳደረገ ለራት ቀረበ። ነጯ በደጁ ስታልፍ አናቷን አየና ለፋሲካ ገብስማዋን እንረዳት አለ። አንዲት ጠማማ ዶሮ ሦስቱን ልትጨርስ ነው፣ ደግሞም እያረጀች ነው አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሒሳቡ ልክ ነው። የእመት አሰጋሽ ጉርሻ ግን እጃቸው ላይ ቆመ።

«ዶሮዋ ያንተ ናት» አሉት።

እሱም እሺታ መስሎት ቀጥሎ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራ። በዛብሽ አንገቷን ደፋች። እመት አሰጋሽ ያቺን ዝምታ ያዙባት።

በማግሥቱ ጓዛቸውን ሸከፉ። ጓዝ ከተባለ ነው፤ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ጋቢ፣ የማናለሽ ሻሽ። በአቡጀዲ ጠቅልለው በሲባጎ ጠበቅ አድርገው አሰሩና ከአልጋቸው ሥር አስገቡት። ከፋሲካ ማግሥት ወደ ወንድማቸው ልጅ ሊሄዱ ነው። እንደማይፈልጋቸው ያውቃሉ፤ ቢሆንም «ይሂዱ» ሳይባሉ መሄድ ይሻላል። ዛሬ ጠማማዋ ዶሮ ከታረደች ነገ የማን ተራ እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። እንዲህ ሲያስቡ ለገብስማዋም ለራሳቸውም አዘኑ፤ የትኛው ሐዘን ለማን እንደሆነ መለየት አቃታቸው።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ሄደው ካህኑ የምእመኑን እግር ሲያጥቡ እሳቸውም እግራቸውን ዘረጉ። ቀዝቃዛው ውኃ ሲነካቸው የነጯ አናት ትዝ አላቸው፤ ለምን እሱ እንደመጣባቸው እግዜር ይወቀው። በእግራቸው ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ነበር። ነገሩን ከተናገሩ ገብስማዋ ትተርፋለች፤ ግን የእሳቸው ተንኮል ይወጣል፤ የሞጣዎቹም ዶሮዎች ቤቱን ይለምዳሉ። ዝም ካሉ ደግሞ የልጃቸው ዶሮ ትታረዳለች፤ እሳቸውም ያን ደም ይዘው በዓሉን ሊገቡ ነው።

በዛብሽ ለጉልባን የሚሆነውን ባቄላና ስንዴ ጓሮ ተቀምጣ ትለቅማለች። እመት አሰጋሽ አጠገቧ ተቀመጡና እጃቸውን ሰፌዱ ላይ አሳረፉ። ጥቂት ለቀሙ።

«በዛብሽ።»

«አቤት፣ እማማ።»

«የመጣሽ ለት እሰሪያቸው ያልሁሽ አውቄ ነው። መታሰር የነበረባት ገብስማዋ ናት። እናቴ ያስተማረችኝን ደበቅሁሽ። የነጯ ደም በእኔ ነው።»

በዛብሽ መልቀሟን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ነባር እንደሚታሰር። ሞጣም እንዲያው ነው የሚደረግ።»

የእመት አሰጋሽ እጅ ባቄላው ውስጥ ቀረ። እያወቅሽ ነው ወይ ሦስቱን አስረሽ ያስደበደብሽ ብለው ጠየቁ፤ ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ ወደ ልመና ያደላ ነበር።

«እርስዎ እሰሪ አሉኝ» አለች በዛብሽ። «ገና ከመኪና መውረዴ፤ የእርስዎን ቃል ልለፍ? እናቴ ስትሸኘኝ፣ ባለቤት ካለችበት ቤት ነው የምትገቢ፣ ያለችሽን አድርጊ ብላኛለች። ዛሬ ገብስማዋን እንሰር ይሉኛል፣ ነገ ይሉኛል እያልሁ ስጠብቅ ከረምሁ። ገላው እንረዳት ሲልም አይሆንም ይላሉ ብዬ ነበር። ያንተ ናት ሲሉት እኔ ምን አፍ አለኝ?»

ባለቤት። እመት አሰጋሽ ይህን ቃል በዚህ ቤት ማንም እሳቸው ላይ ሲያውለው ሰምተው አያውቁም፤ ማናለሽ በሕይወት ሳለችም እንግዳ ነበሩ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ቆዪ ወይም ሂጂ የሚላቸው ሰው ሲጠብቁ ኖረው፣ ይቺ ልጅ ቅርጫቷን ይዛ የገባች ለት በአንዲት ጥያቄ መልሱን ሰጥታቸው ነበር። እሳቸው ያን ጥያቄ እንዲያ አድርገው መለሱት። ዕንባቸው መጣ። ምድጃው አልነደደ፣ በጭስ አያሳብቡ፤ ዝም ብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

በዛብሽ እያየች እንዳላየች ሆና ሰፌዱን ነቀነቀች። ከዚያ ተነሥታ፣ አሁንም ቢሆን አልመሸም፣ ገብስማዋን እንሰራት አለች። የገላው ገመድ ሁሉ እህል ጭነው ከሄዱት አህዮቹ ጋር ሄዷል፤ ቤት ውስጥ ገመድ ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

እመት አሰጋሽ ወደ ጓዳ ገቡ። ጥቅልሉን ከአልጋው ሥር ሳቡ። ቋጠሮው ጠብቆ ነበርና በጥርሳቸው ጭምር ታገሉት። ሲፈታ ቀሚሱንም ጋቢውንም አልጋው ላይ እንደተዘረገፈ ትተው ሲባጎውን ይዘው ወጡ። በዛብሽ ሲባጎውን ተቀብላ አየችው፤ የቋጠሮው ጠመዝማዛ ገና አልለቀቀውም። ክፍት በቀረው በር ወደ ጓዳው አሻግራ አልጋው ላይ ያለውንም አየች። አሁንም ምንም አላለች። እመት አሰጋሽ ያን ጊዜ የዚችን ሴት ዝምታ ወደዱት።

ገብስማዋን ራሳቸው ያዟት። ስትፈራገጥ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ጠማማ አንገቷን ደባበሷት።

«ላላ አድርጊው» አሉ፤ «እግሯን እንዳይቆርጣት።»

ቅዳሜ ሹር ገላው ግንባሩ ላይ ቄጤማ አስሮ፣ ቢላዋውን ስሎ ወደ ጓሮ ዘለቀ። ሴቶቹ ትይዩ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ገብስማዋን ችካሉ ሥር ታስራ ሲያይ ደስ አለው። አስራችሁ ጠበቃችሁኝ፣ ተባረኩ ብሎ ጎንበስ አለ።

«እሷን አይደለም» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ገላው ቀና አለ። እመት አሰጋሽ ዓይናቸውን ከሽንኩርቱ ሳያነሡ ገበያ ሳይበተን ሄዶ ሁለት አውራ ዶሮ እንዲገዛ ነገሩት፤ አንዱ ለድስቱ፣ አንዱ ለጓሮው። የጓሮው ቀይ ይሁን፣ ደግሞ እንዳለፈው ዓመት እንዳያታልሉህ አሉት። ማናለሽ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት እንዲህ አድርጎ ያዘዘው ሰው አልነበረም። ቄጤማውን አስተካከለ፤ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ሽንኩርቷን ትልጣለች።

«ታዲያ ይቺ ለምን ታሰረች?» አለ።

«ቤቱን እንድትለምድ ነዋ» አሉ እመት አሰጋሽ።

«እዚሁ የተፈለፈለችው?»

«እዚሁ የተፈለፈለችው። የሚለምድ እንግዳ ብቻ ይመስልሃል?»

ገላው ነገሩ አልገባውም፤ ግን ቢላዋውን ሰገባው ውስጥ መልሶ ወደ ገበያ ወጣ። ነጯ ከጎተራው ሥር ብቅ ብላ ግራ ቀኙን አየች፤ ከዚያ ገብስማዋ አጠገብ ካለው ገበታ ውኃ መጠጣት ጀመረች። እመት አሰጋሽም የተላጠውን ሽንኩርት ለበዛብሽ አቀበሏትና ሌላውን አነሡ።