ሁለቱ ሽቦዎች

«ልቡ አይደለም የገደለው፤ እጁ ነው» አለች አክስቱ፣ የሟቹ እህት። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው ለወጉ ያህል ነበር፤ የሳሎኑ ሰው ሁሉ ሰምቷታል። «ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የያዘ እጅ ከዳው። መንጃ ፈቃዱን ካስረከበ በሰባተኛ ወሩ፣ መስኮት ሥር እንደተቀመጠ ቀረ ወንድሜ።»

«እኔ አላምንም» አለ ረዳቱ። ከሟቹ ጋር ሃያ ዓመት በር ላይ ተንጠልጥሎ የሠራ ሽማግሌ ነው። «በጋሼ መኪና፣ በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ቆሜ ትኩስ ሻይ ጠጥቻለሁ። ጠብታ አልፈሰሰብኝም።»

«ያኔማ ያኔ ነው! ራሱ አይደል እንዴ ‹ሰው ሳልጨርስ ልውረድ› ብሎ የወረደው?»

የሟቹ አንድያ ልጅ የሻይ ሰሐን ይዞ በመካከላቸው ቆሞ ነበር። ባሕር ማዶ ተምሮ፣ እዚያው ሥራ ይዞ፣ ለለቅሶው ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እናቱ ቀና ብላ አየችው።

«ሰው ቆሟል። ከጓዳ አግዳሚውን አምጣ።»

አግዳሚው አባቱ መንዳት ይለማመድበት ከነበረው ማሽን ጀርባ ነበር። ከተጣለ አውቶቡስ የተነቀለ ወንበር፣ እውነተኛ መሪ፣ ሦስት ፔዳል፣ ከፊቱ ትልቅ ስክሪን። ከመሪው ሥር አንድ ሞተር አለ፤ ስክሪኑ ላይ መንገዱ ኮረኮንች ሲሆን መሪውን እየነቀነቀ እጅ ላይ የሚያሰማ። የአውቶቡስ ድርጅቱ ዕድሜው ከሃምሳ ስምንት ያለፈ ሹፌር ሁሉ እንደገና ይፈተን ባለ ጊዜ ነበር አባቱ ይህን በገዛ እጁ የሠራው። «እንደ ጀማሪ ልፈተን? ይሁን፤ አሳያቸዋለሁ» ብሎ በስልክ ስቆ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለጥቂት ቀን ሲመጣ አባቱ መጀመሪያ ያስገባው እዚህ ክፍል ነው። ያን ጊዜ ለሞተሩ ኃይል የሚወስደው ወፍራም ሽቦ በቀኝ ግድግዳ ሄዷል፤ የመሪውን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ቀጭኑ ሽቦ ደግሞ በግራ፣ በመስኮቱ ላይ ዞሮ።

«አባዬ፣ ይሄ ማሽን ነው የሸረሪት ድር?»

«ሁለቱ ሲጠጋጉ አይስማሙም ልጄ። ሞክሬዋለሁ።»

«ሽቦ ምን ጠብ ያውቃል!»

ልጁ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ፣ በየስንዝሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍንጎ፣ እንደ ሹሩባ ወለል ለወለል አሳለፋቸው። የተማረው ፕሮግራም መጻፍ እንጂ ሽቦ አልነበረም፤ በዚህ ቤት ግን ተማረ ማለት ሁሉን አወቀ ማለት ነው። አባቱ ራቅ ብሎ አየና «ጎሽ! የተማረ ሰው ሥራ» አለ።

ከዚያ ወዲህ አባቱ ሁለቴ ደውሎለት ነበር። «መሪው አልፎ አልፎ ወደ ግራ ይወረወርብኛል።» እሱ ስብሰባ ሊገባ ነበር። «እጅህ ይሆናላ አባዬ። ጨምቀህ አትያዘው።» ለሁለተኛው ጥሪም መልሱ ያው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው አባቱ መንጃ ፈቃዱን ያስረከበው።

አሁን ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ማሽኑን አበራውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ስክሪኑ ላይ አውቶቡሱ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ሄደ፤ ከዚያ ማንም መሪውን ሳይነካ ወደ ግራ ተወረወረ። የመሪውን ሞተር አጠፋ፤ አውቶቡሱ ረጋ። አበራ፤ ተወረወረ። ሰባት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ መቀስ ፈልጎ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ቆረጣቸውና ቀጭኑን ሽቦ በመስኮቱ ላይ መለሰው። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አውቶቡሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ነጎደ።

«ሰው ቆሞ አንተ ትጫወታለህ?» እናቱ በሩ ላይ ነበረች።

«እማዬ፣ እጁ አልነበረም።»

«ምኑ?»

«መሪውን የወረወረው። ወፍራሙ ሽቦ ቀጭኑን እየረበሸ ነው። አብሬ ያሰርኳቸው እኔ ነኝ።»

ገብታ በሩን ከኋላዋ ገፋችው። የተቆረጡትን ማሰሪያዎች ወለሉ ላይ አየች።

«አይስማሙም ብሎ ነግሮህ ነበር?»

«ነግሮኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልፈታውም?» ብላ ጠየቀችና መልሱን ራሷ ሰጠች። «‹ልጄ የነካውን አልነካም› እያለ! እኔ ጠዋት ጠዋት እጁን በሞቀ ውሃ አሸው ነበር። ‹ይኸው፣ አይንቀጠቀጥም እኮ› ስለው ‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ልጁ ነግሮኛል› ይለኛል።»

ከሳሎን የአክስቱ ድምፅ ይሰማል፤ አሁንም ስለ እጁ ታወራለች።

«ልትነግራቸው ነው?» አለች እናቱ።

«አንቺ ብትነግሪልኝ…»

«እኔ? እሱን ያዋረድኩት እኔ ነኝ እንዴ?»

እጁን ዘረጋላት። ተቀበለችው። መዳፉን ገልብጣ፣ ልስላሴውን በአውራ ጣቷ ደባብሳ፣ የማታውቀው ሰው ዕቃ ይመስል መልሳ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ ወጣች፤ በሩን ግን ወለል አድርጋ ተወችው። አክስቱ ንግግሯን አቋረጠች፤ ለቀስተኛው ሁሉ ፊቱን ወደ ጓዳው አዞረ።