ከሱቄ ደጃፍ ያለችው አደገኛ ድንጋይ

በዚህ ከተማ ውስጥ ከእኔ ሱቅ ደጃፍ የከፋ አደገኛ ቦታ የለም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ከፊት ለፊቴ ያለው የእንጨት ሥራ ድርጅት ነው። እንደ እነሱ አባባል ከሆነ፣ ሳሙናና ክብሪት ከምሸጥባት መስኮት ስር ያለችው አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ የአንዱን አውራ ጣት ጨፍልቃለች፣ የሌላውን ዓይን በብየዳ ብልጭታ አቃጥላለች፣ የሦስተኛውን ክንድ በምስማር ሸርክታለች። ድንጋይ ናት እንግዲህ፤ ሙያዋ ብዙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድርጅቱ በር በላይ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል። «ያለ አደጋ የሠራንባቸው ቀናት» ይላል፤ ከጽሑፉ ስር በመንጠቆ የሚንጠለጠሉ የቆርቆሮ ቁጥሮች አሉ። ቁጥሩ ይወጣል እንጂ ወርዶ አያውቅም። ለምን ቢሉ፣ በግቢው ውስጥ የሚቆስል የለማ! የተጎዳ ሁሉ መጀመሪያ ቁስሉን በጨርቅ ይዞ በሩን ይወጣል፣ መንገዱን ይሻገራል፣ እኔ ደጃፍ መጥቶ ድንጋይዋ ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ «ሱቅ ሲሄድ ወደቀ» ይባላል። እኔም በፕላስተርና በፋሻ ሽያጭ ከሰፈሩ አንደኛ ሆንኩ።

ሰሌዳው የደህንነት ኃላፊው ዓይን ብሌን ነው። ሰውየው ወላጆቹ ያወጡለት ስም አለው፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቀው «ጥንቃቄ» ብሎ ነው። ሰላምታውም ስንብቱም ይህችው ቃል ናትና። ቂቤ ልግዛ ብሎ ቢመጣ እንኳ ዝም ብሎ አይሄድም፤ መደርደሪያዬን ሽቅብ አይቶ «ከባድ ዕቃ ከላይ አይቀመጥም እህቴ፣ ጥንቃቄ!» ይለኛል። ልክ ነው። ምክሩ አንድም ቀን ስህተት ኖሮበት አያውቅም። ምክሩን ቢሰሙት የሚጠቅማቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ አንደኛው ራሱ ነበር።

በየማለዳው ሠራተኛውን አሰልፎ በድምፅ ማጉያ ይሰብካል። «ከሥራ በፊት ራስህን ጠብቅ! የራስ ቅል መለዋወጫ የለውም!» ሲል እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። ሠራተኛው ምስማሩ ካልተነቀለለት ጣውላ መሃል እግሩን እየመረጠ ቆሞ ያዳምጣል። ሄልሜቶቹ በመስታወት ቁም ሳጥን ተቆልፈዋል፤ እንዳይቧጨሩ። እንግዳ ሲመጣ ይታደላሉ፣ እንግዳው ሲሸኝ ተወልውለው ይመለሳሉ። እሱ ራሱ ሞተር ሳይክል አለው፤ ሄልሜትም አለው፤ የሚያደርገው ግን ክርኑ ላይ ነው፤ እንደ ሴት ቦርሳ። ጸጉሩን ቅባት ቀብቶ ወደ ኋላ ስለሚያስተኛ እንዲጨፈለቅበት አይፈልግም። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ ከክርኑ ወደ ራሱ ያወጣዋል፣ ሲያልፍ ወደ ክርኑ ይመልሰዋል። በዚህ አገር ክርን እንደ እሱ የተጠበቀለት ሰው አላየሁም። ራስ ሳይጠና ጉተና የሚሉት ይህን ነው።

የሰሌዳውን ቁጥር የሚቀይረው በየጠዋቱ ራሱ ነው፤ በመሰላል ወጥቶ። መሰላሉ አንድ መወጣጫ ይጎድለዋል። የእንጨት ሥራ ድርጅት ነው እንግዲህ፤ እንጨት ከየት ያምጣ?

ከግድግዳዬ ማዶ አንድ አናጺ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። እዚያው ድርጅት ነው የሚሠራው፤ መጋዙ ላይ። ምላሰኛ ነው፤ ሲሄድም ሲመጣም ሳይለክፈኝ አያልፍም። መጋዙ ጥርሱን የሚሸፍን የብረት መከለያ እንዳለው የነገረኝ እሱ ነው።

«ታዲያ የት አለ?» አልኩት።

«ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እትዬ። ሥራ ያጓትታል ተብሎ ወለቀ። አሁንማ እንደ ቅድመ አያት ፎቶ ነው የምናየው።»

«አንተስ ዝም ትላለህ?»

«አንድ ቀን አለቃ ጥንቃቄን ጠየቅኳቸው። ‹መከለያ የሚሻ ሰነፍ ነው፤ ጎበዝ እጁን ያውቃል› አሉኝ። ኮንትራቴ ደግሞ የሚታደሰው በእሳቸው ቃል ነው። ምን ልበል?»

በዚያ ሳምንት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ሊመጡ ነበር። አደጋ ለማያውቀው ድርጅት ዋንጫ፣ ለደህንነት ኃላፊው ደግሞ ሹመት ይዘው። ጥንቃቄ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ለፎቶ የሚሆን ኮት ለብሶ ሰነበተ። ሰሌዳውን እንኳ በነጭ ጋዝ ወለወለው።

እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ዋዜማ፣ ሱቄን ከፍቼ ስኳር እየቋጠርኩ ሳለ፣ የመጋዙ ድምፅ ተለወጠ። እንጨት ሲቆርጥ ያለቅሳል፤ ለምጄዋለሁ። ያን ጊዜ ግን አንዴ ደረቅ ነገር እንደነከሰ ቀጭ አለና ጸጥ አለ። ስኳሩ ከእጄ ፈሰሰ።

ብዙም አልቆየም፣ በሩ ተከፈተ። አናጺው ግራ እጁን በሥራ ልብሱ ጠቅልሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። ጥንቃቄ በክንዱ ደግፎ፣ ወዲያ ወዲህ እየቃኘ፣ ወደ እኔ ይነዳዋል።

«እዚህ ቁጭ በል» አለው ድንጋይዋን እያሳየ። «ሱቅ ስትሄድ እዚህ ጋ ነው የወደቅከው። እህቴም አይታለች። አይደል እህቴ?»

«ምን ላይ ወደቀ?»

«ድንጋዩ ላይ።»

«ድንጋዩ ጥርስ አበቀለ?»

«ቀልድ ጊዜ አለው፣ እህቴ!»

ጨርቁን ገለጥ አድርጌ አየሁ። የተጎዱት ሁለት ጣቶቹ ነበሩ፤ ከዚያ በላይ አልናገርም። አዲስ ፎጣ ከመደርደሪያዬ አውርጄ ጫን አድርጌ ያዝኩለት፣ እጅህን ከልብህ በላይ ከፍ አድርግ አልኩት። ይህን ከጥንቃቄ ስብከት ነው የሰማሁት፤ እግዜር ይስጠው። እሱ ራሱ ግን አጠገቤ ቆሞ ኮቱ ላይ ደም እንዳይነካው እጅጌውን ይጠቀልላል።

«የድርጅቱን መኪና አስወጣ እንጂ!» አልኩት።

«መኪናው ከወጣ ለምን ወጣ ይባላል። በሞተሬ አደርሰዋለሁ። ግን መጀመሪያ እንስማማ።» ወደ አናጺው ጎንበስ አለ። «ልጄ፣ ሐኪሙ ሲጠይቅህ ሱቅ ደጃፍ ወደቅኩ ነው የምትለው። ነገ እንግዳ አለ። መጋዝ የምትል ቃል ከአፍህ ከወጣች፣ ኮንትራትህን እርሳው። ገባህ?»

አናጺው ከንፈሩን ነክሶ ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ ለሚስቴ አንቺ ንገሪያት፤ ከሰው አትስማ» አለኝ። እጅ ለአናጺ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ መማር አያስፈልግም። እያንዳንዷ ደቂቃ ከጣቱ ላይ እየተቆረጠች ትሄዳለች።

«ባጃጅ ልጥራልህ፤ አንድ እጅ ያለው ሰው ሞተር ላይ በምን ይይዛል?» ብል ማን ሰምቶኝ! ከኋላው አፈናጠጠው፤ ሞተሩን አስነሳ። ሄልሜቱ? ክርኑ ላይ። ስልኩ? በትከሻውና በጆሮው መሃል። «ኧረ ምንም የለም ጌታዬ፣ አንድ ልጅ ሱቅ ደጃፍ ወድቆ ነው እንጂ ሁሉ ሰላም ነው፣ ለነገው ተዘጋጅተናል» ሲል እየሰማሁት ነው ከፊቴ የሄደው።

መንገዱ መጨረሻ ላይ ጠመዝማዛ አለ፤ ከእኔ መስኮት ይታያል። እዚያ ሲደርስ ጠጠር ነበር፤ ሞተሩ እንደ ሰካራም ወዲህ ወዲያ አለና ከስሩ ሸሸ። ለአናጺው እግዜር አወቀለት፣ ለግንባታ የተቆለለ አሸዋ ላይ አረፈ። ጥንቃቄ ግን የመንገዱን ጠርዝ በራስ ቅሉ አገኘው። ሮጬ ስደርስ ተቀምጦ በግንባሩ ደም ይወርዳል፤ ትከሻው ወደ ታች ወርዷል። ክርኑ ግን ጭረት እንኳ የለበትም።

«ጸጉሬን!» ነበር መጀመሪያ ያወጣው ቃል።

«ጸጉርህ አለ፤ ጭንቅላትህን ፈልግ» አልኩት።

የሚያልፍ ባጃጅ አስቁሜ ሁለቱንም ጫንኩ፣ እኔም መሃላቸው ገባሁ። ሱቄን ሳልዘጋ ነው የሄድኩት፤ ደግነቱ ደጃፌ አደገኛ ስለሆነ ሌባ አይደፍረውም።

ሆስፒታል እንደደረስን አናጺውን ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ለሚስቱ ደወልኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንደኛው ጣት እንደተረፈ፣ የሌላው ጫፉ እንደቀረ ነገሩን። «ቶሎ ብትመጡ ኖሮ» ብላ ነርሷ ጀመረችና ሚስትየዋን አይታ ተወችው። ጥንቃቄም ግንባሩ ተሰፋ፤ የትከሻው አጥንት ግን ተሰብሯል፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተባለ። ሁለቱንም አንድ ክፍል፣ ጎን ለጎን አስተኟቸው።

ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ መጣች። መነጽሯን አስተካክላ ጥንቃቄ አልጋ ራስጌ ቆመች።

«እግዜር ይማርዎት። በሥራ ሰዓት ነው የወደቁት። የት እየሄዱ ነበር?»

«የሥራ ጉዳት ነው እኮ» አለ ቶሎ ብሎ። «ቁስለኛ ሳደርስ። ሕክምናውን ድርጅቱ ይሸፍናል።»

«የማንን ቁስለኛ?»

«ይኸው፣ የእኛን አናጺ።»

«እሱማ ሱቅ ደጃፍ ወደቀ ብለው ጠዋት በስልክ ያሳወቁት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ በግቢያችን የተጎዳ ሰው የለም። የተጎዳ ከሌለ ደግሞ እርስዎ በግል ጉዳይዎ ነበር የወጡት ማለት ነው፤ ያውም ያለ ፈቃድ።»

ጥንቃቄ በስንት ሰው ላይ የዘረጋት ወጥመድ የራሱን እግር ስትይዘው ያየሁት ያኔ ነው። የቀረው ጤነኛ እጁን ወደ ጎን አልጋ ዘረጋ።

«ወንድምዓለም» አለው አናጺውን። ጠዋት «ልጄ» ነበር፤ በነጋታው አባቴ ሊለው ምንም አልቀረውም። «ንገራት እንጂ፣ ወንድምዓለም። መጋዙ ነው የቆረጠኝ በላት።»

አናጺው ጣሪያውን እያየ፣ «እኔማ ድንጋይ ላይ ነው የወደቅኩት፣ አለቃ። እንዲያ አይደል የተስማማነው?» አለ።

«አንተ ልጅ!» አልኩት፤ ደነገጥኩ። አንዱን አጠምዳለሁ ብሎ የራሱንም መብት ሊደፋው ነው። ድንጋይ ነው ካለ፣ ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ሁሉ ያለ ካሳ ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው። ሚስቱም እግሩን በብርድ ልብሱ ላይ ቆነጠጠችው።

እሱ ግን ወደ ጥንቃቄ ዞረ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል።

«እኔ አልናገርልዎትም፣ አለቃ። በእኛ አፍ ነው ሁልጊዜ ድንጋዩ ላይ የሚጥሉን። አሁን በራስዎ አፍ ይናገሩ፤ ምን እንደበላኝ፣ መከለያው የት እንደተሰቀለ፣ ከእኔ በፊት እትዬ ደጃፍ የተቀመጡት ሁሉ የት እንደቆሰሉ። ያኔ እኔም እውነት ነው እላለሁ።»

ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። ጥንቃቄ እኔን አየኝ፤ እንድረዳው። እኔ የያዝኩትን ብርቱካን መላጥ ጀመርኩ። ያ ሁሉ በድምፅ ማጉያ የሚያስተጋባ ሰው፣ እንደ ትንኝ በሚያቃጭል ድምፅ ጀመረ። መጋዙን ተናገረ፤ መከለያውን ተናገረ፤ አውራ ጣቱን፣ ዓይኑን፣ ክንዱን፣ እኔ እንኳ የረሳኋቸውን ተናገረ። በሕመም ጊዜ የሰው ልጅ ትውስታ እንዴት ይሰፋል! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱ አፉ ያመለጠው ለራሱ ሲል ነው፤ ቢሆንም አመለጠ። እኛ ደግሞ ከየትም ይምጣ፣ እውነት ነው ብለን ተቀበልነው።

«እውነት ነው» አለ አናጺው። ከዚያ ፊቱን ወደ ሚስቱ አዙሮ፣ ያኔ ገና አለቀሰ።

ዋንጫው አልመጣም። እንግዶቹ መጡ፤ ፊታቸውን አጥቁረው ተመለሱ። መከለያው ከግድግዳው ወርዶ መጋዙ ላይ ተገጠመ፤ እንደሰማሁት ሥራውን ያን ያህልም አላጓተተም። የሄልሜቱ ቁም ሳጥንም ተከፈተ። ጥንቃቄ ሹመቱ ቀርቶበት፣ በማስጠንቀቂያ ታልፎ ሥራው ላይ ሰነበተ። አሁንም ይሰብካል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሄልሜቱን ግን አገጩ ስር አጥብቆ አስሮ ነው የሚሄደው፤ በእግሩ ሲሄድ ጭምር። ቂቤ ሊገዛ ሲመጣ መስኮቴ ውስጥ ራሱ አልገባ እያለ ያስቸግረዋል።

ትከሻው ድኖ የተመለሰ ቀን የሰሌዳውን ቁጥር ወደ ዜሮ እንዲያወርድ ታዘዘ። ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ቆመ፤ እኔም መስኮቴ ላይ ተደገፍኩ። የቆርቆሮዋን ዜሮ በእጁ ይዞ መሰላሉ ስር ደረሰ። ሽቅብ አየ፣ የጎደለውን መወጣጫ አየ። ስንት ጊዜ የወጣበት መሰላል እንግዳ ሆነበት።

«አንድ ሰው... ይያዝልኝ» አለ።

ማንም ንቅንቅ አላለም። ያን ሁሉ ሰው ሲያስቀምጥ የኖረባትን ድንጋይዬን ማየት ጀመሩ። በመጨረሻ አናጺው ከሰልፉ ወጣ፤ ግራ እጁ ገና በፋሻ ነው። በትከሻው መሰላሉን ደገፈ፣ እግሩን ከስሩ አስደገፈና ቀና ብሎ፣

«ጥንቃቄ፣ አለቃ!» አለው።

ሰውየው እያንዳንዱን መወጣጫ በእጁ እየሞከረ ወጣ፣ ዜሮዋን ሰቀለ፣ ወረደ። እኔም መጥረጊያዬን አንስቼ ደጃፌን ጠረግኩ። ድንጋይዋ አሁንም እዚያው ናት። ከዚያ ወዲህ ማንንም አልጣለችም።