አንድ ቀን የቀረው አብራሪ

ሻምበል ኦርቪል ታኬት ከቬትናም ሊወጣ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። አንድ ቀን ብቻ! ኬንታኪ ውስጥ እስካሁን ያላያት የአራት ወር ልጅ አለችው፤ ሻንጣውም ተቆልፏል። ምን ያደርጋል፣ ተተኪው አብራሪ ሆዱን ታሞ ሽንት ቤት ከተመና ከአንድ ሩዝ ማሳ ላይ ቁስለኞች በሄሊኮፕተር እንዲያነሳ እሱው ተላከ። ጎዶሎ ቀን!

ሩዝ ማሳው ላይ ጥይቱ እንደ በረዶ ይወርዳል። ታኬት ሁለት ጊዜ ሊያርፍ ሞክሮ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው፣ የፊት መስታወቱ ተበሳስቶ ሳለ፣ ሄሊኮፕተሩን ጭቃው ላይ ዘፍ አደረጋት። ደፋር ነው፣ ይህን ማንም አይክደውም። ሦስት ቁስለኞች ከማሳው እርከን ሥር ተኝተዋል። የሕክምና ረዳቱ ሪድሊ ቃሬዛ ይዞ ዘለለ።

«ቆይ እስቲ» አለ እግሩን የተመታው ሃምሳ አለቃ ዴልጋዶ። «አብራሪው ስንት ቀን ቀረው?»

ያ ሞኝ ሪድሊ፣ መዋሸት ሲችል፣ «ነገ አገሩ ይገባል» አለ።

በቃ! ወይ ጉድ፣ ከቁስለኞቹ ሁለቱ እየተሳቡ ወደ ኋላ ሸሹ። እዚያ ያለ ወታደር ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ሊሄድ አንድ ቀን የቀረውን ሰው ሞት ይፈልገዋል፤ ሲያገኘው ደግሞ አጠገቡ ያለውንም አይምርም። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምሽግ የሚጋራ የለም፣ እንኳን ሰማይ ላይ አብሮት ሊወጣ።

ታኬት መሪውን ለረዳት አብራሪው ትቶ እየተንደረደረ መጣ። «ተሳፈሩ! ትእዛዝ ነው!»

«ጌታዬ፣ ጠልተንዎት አይደለም» አለ ዴልጋዶ፣ ጥይት ከራሱ በላይ እያፏጨ። «ሌላ ሰው ይላኩልን።»

«ሌላው ሽንት ቤት ነው ያለው!»

«እስኪወጣ እንጠብቃለን።»

«እሱስ ይጠብቃል?» ታኬት ሆዱን ወደተመታው ወደ ሃስኪንስ ጠቆመ። የልጁ ፊት አመድ መስሏል።

«እኔም አልሳፈርም፣ እናቴን!» አለ ሃስኪንስ በደከመ ድምፅ።

ሦስተኛው ቁስለኛ ፕሩት የሚባል ጸሐፊ ነበር። ጠዋት ግንባር ድረስ የመጣው ወታደሮቹን የአገልግሎት ማራዘሚያ ቅጽ ሊያስፈርም ነው። ወር ሙሉ ዞሮ አንድ ፈራሚ አላገኘም፤ ያገኘው ትከሻው ላይ ጥይት ብቻ ነው። በደህና እጁ ቦርሳውን ከፈተ።

«ስድስት ወር ቢያራዝሙ እኮ አንድ ቀን የቀረው ሰው መሆንዎ ይቀራል።»

ዴልጋዶ አሰበበት። «ይሄ ያስኬዳል» አለ።

«አብዳችኋል እንዴ? ልጄን እኮ አላየኋትም!» ብሎ ጮኸ ታኬት። ሃስኪንስን ዞሮ ሲያየው ዓይኑ መገልበጥ ጀምሯል። ታኬት ቅጹን ነጥቆ ሪድሊ ጀርባ ላይ ዘረጋና ፈረመ።

«ቀን አልጻፉም» አለ ፕሩት።

ታኬት ቀኑን ጻፈ፤ እየጻፈም እዚህ የማይደገም ስድብ ሰደበው። ዴልጋዶ በአንድ እግሩ እየዘለለ ከሁሉ ቀድሞ ገባ። ሲነሱ ጭራው ተበሳ፣ ወለሉ ተበሳ፤ ተሳፋሪዎቹ ግን ለሰርግ የሚሄዱ ይመስል ተረጋግተው ነበር።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ሐኪሙ ሃስኪንስን ገልጦ አየና «አምስት ደቂቃ ብትዘገዩ አብቅቶለት ነበር» አለ።

ፕሩት ከቃሬዛው ላይ ቅጹን ለታኬት ዘረጋለት። «ይቅደዱት ጌታዬ። እኔ በዚህ ተረት አላምንም፤ እነሱን ለማሳፈር ብዬ ነው።»

ታኬት በደስታ ሊስመው ምንም አልቀረው። የሴት ልጁ ፊት፣ አይቶት የማያውቀው ፊት፣ ድቅን አለበት። ቅጹን በሁለት እጁ ይዞ መቅደድ ሲጀምር ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ጮኸ፤ እዚያው ማሳ ላይ አምስት ሰዎች ደግሞ ቆስለዋል።

«ይቅርታ፣ ሻምበል» አለ ድምፁ። «ልጆቹ ከወዲሁ እየጠየቁ ነው። አብራሪው ስንት ቀን ቀረው?»

ታኬት ጫፉ የተቀደደውን ቅጽ ለፕሩት መለሰለት። «አስገባው» አለው። ዕንባው እየወረደ ወደ ሬዲዮው ሄደ።

«መቶ ሰማንያ አንድ በላቸው» አለ።