ቆሞ ቀር

እና ሞተር ሳይክሉ ታንኩ ሙሉ ሆኖ እንዴት ይርበዋል፣ ካንዴላውን ፈትቼ በቀሚሴ ጫፍ እጠርገዋለሁ፣ ደረቅ ነው፣ እርጥብ ከሆነ ጠግቧል፣ ደረቅ ከሆነ ርቦታል ብሎኝ ነበር መካኒኩ፣ ይኸው ደረቅ፣ እንደ ብስኩት፣ ቤንዚኑ ደግሞ እዚሁ ጉልበቴ አጠገብ ይንቦጫረቃል፣ ወዝወዝ ሳደርገው እሰማዋለሁ። ሞልቶ ተርፎ መራብ። እሱስ ይገባኛል።

ረፋድ ላይ ጋሼ ፒካፑን ይዞ ይመጣል። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ግቢው የሱ ነው፣ ቃሉም የሱ ነው፣ ማታ ስሚ አለኝ፣ ይሄ ብረት ከበር ተነስቶ ዳገቱ ላይ ካለው የውሃ ታንከር ደርሶ በራሱ ሞተር ከተመለሰ ይቆይ፣ ካልተመለሰ ጭኜ ለቁራሌው ነው የምሰጠው፣ እሺ አልኩ፣ ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ በሰው ግቢ፣ በአፌ እርስዎ እለዋለሁ፣ በሆዴ አንተ። አልፈራሁም። ካንዴላውን መልሼ አስራለሁ።

መቀመጫ የለውም። መጀመሪያ ቀን ሳስገባው እማዬ ዞራ ዞራ አይታው፣ ልጄ፣ ወንበሩን ሰርቀውሻል፣ አልሰረቁኝም እማዬ፣ ሲሠራም እንዲህ ነው፣ የቋጥኝ መውጫ ሞተር ነው፣ ቀስ እያልሽ ድንጋይ ለድንጋይ ትወጪበታለሽ፣ ውድድር ላይ እግርሽ መሬት ከነካ ይቆጠርብሻል፣ አትቀመጪበትም፣ ቆመሽ ነው፣ ቆማ፣ አለች ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ፣ እሷማ ድሮም ቆማ ቀርታለች። ሰፈሩ ሳቀ። አሁን ቆሞ ቀር ሲሉ እኔን ይሁን ሞተሩን አይታወቅም፣ እሱ ጸጥ ብሎ፣ እኔ ላቤ እየተንጠባጠበ ስገፋው፣ ቆሞ ቀሮቹ መጡ። ይበሉ። ጆሮ ዳባ ልበስ።

ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ትእዛዝ አንድ ነው፣ ዛፍ ስወጣ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ትምህርቴን እቀጥላለሁ ስል አርፈሽ ተቀመጪ፣ ያንን ባለሱቅ አላገባም ስል አሁንስ አበዛሽው አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኮ ተቀመጥኩ፣ ሃያ ዓመት ተቀመጥኩ፣ መቀመጤን ማን አመሰገነልኝ። ከዚያ ይሄን አየሁት፣ ሻጩ ግቢ ውስጥ ቀይ ቀለሙ እያበራ፣ ይቅርታ፣ መቀመጫው የት ነው፣ የለውም እመቤት፣ አልለቅም አልኩ በሆዴ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ ሞኝ ልሁና።

ሞተሩ ተከፍቶ ሆድ ዕቃው ይታይ ይላል መካኒኩ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ካርቡሬተሩን አጥቦ ካንዴላ ቀይሮ ሱቁ በር ላይ አስነስቶ አሳይቶኛል፣ ደህና ነው እህቴ፣ ደህናማ ነው እዚያ በር ላይ፣ ዳገቱ ኩርባ ስንደርስ ግን ድምፁ ይቀጥናል፣ ትን እንዳለው ሰው ያስላል፣ ይቆማል፣ ወርጄ ክዳኑን ከፍቼ ቤንዚኑን አያለሁ፣ አለ፣ እዘጋዋለሁ፣ እረግጠዋለሁ፣ ይነሳል፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ቀጥ። አረፍ ሲል ነው የሚሻለው አልኩ። ማረፍ፣ እኔም አፌ ለምዶት።

ቋ። እማዬ ናት፣ ጓዳ ውስጥ የዘይት ጣሳ በምስማር ትበሳለች፣ ቋ፣ ደግሞ ከወዲያ ጠርዝ ሌላ ቋ፣ ሁሌ ሁለት ነው፣ ልጅ ሆኜ ለምን ሁለት ስላት፣ አንዱ ለዘይቱ፣ አንዱ ለትንፋሹ፣ አንድ ብቻ ከበሳሽው ሞልቶም አይወርድልሽም

ሞልቶም አይወርድም።

ክዳኑ። ስከፍተው ፉሽ ይል የለ፣ ሁሌ ፉሽ ይላል፣ አይልም ካልኩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ ደግሞ የቤንዚን ጠረን ነው ብዬ ፊቴን አዞራለሁ፣ አየር እየሳበ ነው እንጂ፣ ማረፉ አይደለም ያዳነው፣ መክፈቴ ነው። ክዳኑ አናት ላይ ትንፋሽ የሚገባበት ቀዳዳ መኖር አለበት፣ የለም፣ በጥፍሬ እፈገፍገዋለሁ፣ ቀለም፣ ከሥሩ ሌላ ቀለም፣ አዬ ሻጩ፣ ለገበያ ሲኳኩለው ትንፋሹን ደፍኖበታል፣ እኔንም ለጋብቻ ጠያቂ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነበር የሚያደርጉኝ፣ ቀብተው፣ አጥብቀው፣ ዝም በይ ብለው። ምን ያስቅሻል ትላለች እማዬ ከጓዳ፣ ምንም እማዬ፣ ተናድጄ ነው።

መርፌ። መርፌስ የኔ ነው፣ ጂንስ የምሰፋበት ወፍራሙ፣ አስገባሁት፣ አዞርኩት፣ ቀይ ቅርፊት ወጣ፣ ክዳኑን አፌ ላይ አድርጌ እነፋለሁ፣ ምላሴ ቤንዚን በቤንዚን ሆነ፣ አለፈ፣ አየሩ አለፈ።

የፒካፑ ጥሩምባ። ጋሼ ገመድ ይዞ ይወርዳል፣ እህ፣ እንጫነው፣ እስክመለስ ይጠብቁኝ ጋሼ፣ እረግጠዋለሁ፣ መርገጫው መልሶ ጉልበቴን ይለኛል፣ እረግጠዋለሁ፣ ተነሳ፣ ማርሽ፣ ቆሜ፣ ጎረቤቷ አጥሩ ላይ አገጯን አስደግፋ፣ ትይ፣ ኩርባው መጣ፣ እዚህ ነው የሚያስለው፣ አሁን ይቀጥናል፣ አሁን፣ ሁለመናዬ ጆሮ ሆኗል፣ አይቀጥንም፣ እግዜር ያሳያችሁ አይቀጥንም፣ ታንከሩን ዞርኩት፣ እግሬ መሬት አልነካም፣ አላስነካም፣ ቁልቁለቱ፣ የበሩ ቆርቆሮ።

አላጠፋውም። እማዬ ዘይት በነካ እጇ አፏን ይዛለች። ጋሼ ገመዱን ክንዱ ላይ ይጠቀልላል፣ ቃሉን አያጥፍም፣ እሱን አልክደውም፣ ይሁን፣ ይቆይልሽ ይላል ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ፣ አየንልሽ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ግን እንደ ሰው አርፈሽ ተቀመጪ

ጎንበስ ብዬ አያለሁ፣ ከታንኩ ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ፣ ቀና ብዬ ደግሞ እሱን፣

የት ላይ፣ ጋሼ