የባንታምላክ ኮምፒውተር

የሞተ ተጎዳ ይላሉ፤ ባንታምላክን የማያውቅ ነው እንዲህ የሚለው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሰውየው ካላዛር የሚሉት በሽታ ከገደለው ሦስት ክረምት አልፎት እንኳ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ አልወጣም ነበር። ሚስቱን እናትነሽን እኔ አግብቻታለሁ። አልጋውን ቀይሬአለሁ፤ የሱቁን በር አዲስ ቀለም ቀብቻለሁ። ኮምፒውተሩን ግን መንካት አልቻልኩም።

ሥራችን ለጉልበት ሠራተኛ በስልክ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መዝሙር መጫን ነው። ወደ ፋሽጋና ቁረይሻ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ሰው መጀመሪያ በእኛ በኩል ያልፋል፤ እርሻው ላይ ኔትወርክ ስለሌለ ሚሞሪው ካልሞላለት ወሩ አይገፋለትም። እኔ የትራክተር ሰው ነኝ፤ የማውቀው ዊንዶውስ ነው፣ እሱንም እንደነገሩ። ባንታምላክ ግን ሊኑክስ የሚሉትን ሥርዓት ጭኖ፣ አጠቃቀሙንም ለእናትነሽ አስተምሮ ነው የሞተው። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲከፈት በትልቁ "ባንታምላክ" የሚል ስም ይወጣል። እሷ ከስሙ ሥር የይለፍ ቃሉን ጣቷን እንኳ ሳታይ ትጽፋለች። እኔ ሻዬን ይዤ ቆሜ አያለሁ። ቀናሁ። በሞተ ሰው ቀናሁ፤ ምን ላድርግ፣ በሕይወት ያለ ቢሆን ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠፍቶ የሰነበተው መብራት በኃይል ሲመጣ ኮምፒውተሩ ጭስ ተፋ። የገበያው ጠጋኝ ጎይቶም ከፍቶ አየና ማዘርቦርዱ ነዷል፣ ተስፋ የለውም አለን። እናትነሽ አለቀሰች። እኔም ለዓይን አዘንኩ፤ ሆዴ ግን እልል አለ። ሳልውል ሳላድር ሌላ ኮምፒውተር ገዛሁ፤ ሆን ብዬ ከአሮጌው ጋር በምንም የማይዛመድ፣ ኩባንያውም አንጎሉም ሌላ የሆነ። ጎይቶምም መጥቶ ዊንዶውስ ሊጭንልኝ ተስማማን። ዓለምነው የሚለው ስሜ እዚያ ላይ ተጽፎ ገና ሳይጫን ይታየኝ ነበር።

ጎይቶም እስኪመጣ ግን እናትነሽ ከተቃጠለው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩን ፈትታ አወጣችና አዲሱ ላይ ገጠመችው። እኔ ሳቅሁ። ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ እንዲህ ወደማያውቀው ማሽን ሲዛወር አልነሳም ብሎ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ሲቀር ጎይቶም ቤት አይቻለሁ። ተይው፣ ድካም ነው ብዬም መከርኳት።

ማሽኑ በርቶ ጥቂት መስመር ጽሑፍ አንደረደረ። ከዚያ "ባንታምላክ" አለ በትልቁ። ገብታ ስታየው ዘፈኑ፣ መዝሙሩ፣ ሁሉም በየቦታው ተቀምጧል። ሊኑክስ በተነሳበት ማሽን ላይ ምን ምን ዕቃ እንዳለ ራሱ አይቶ ይለምዳል አለችኝ፤ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት። እኔ ደግሞ ለሟች በላቤ አዲስ ቤት ሠርቼለት ቁጭ አልኩ።

ያኔ ፈነዳሁ። ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም፣ ያሳፍራል። መጨረሻው ግን ወይ እሱ ወይ እኔ የሚል ነበር።

እናትነሽ ወደ እኔ ዞረች።

"በስሙ ነው እንዴ ይኸን ያህል ስትቃጠል የኖርኸው?" አለች። "ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?"

ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስኮት ከፈተች፤ ሁለት መስመር ጻፈች፤ አጥፍታ አበራችው። "ዓለምነው" አለ በትልቁ። ዘፈኑ ያው፣ መዝሙሩ ያው፣ አንድ ነገር አልጎደለም።

"ኸላስ፣ አለቀ" አለችኝ፤ "የሱ ስም የለም።" ከዚያ ሚሞሪውን ይዞ ወደቆመው ደንበኛ ዞረች።

ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ጎይቶምንም ጠርቼ አሳየሁት። ግን ማታ ራት ላይ እጇን ሳይ ሁለት መስመር ብቻ እንደጻፈች ትዝ አለኝ። ዕንባ እንኳ አልነበራትም። የሰባት ዓመት ባሏን ስም ለማጥፋት የፈጀባት ጊዜ ሻይ እንኳ አያቀዘቅዝም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ስሜን ሳይ ባንታምላክ ትዝ አይለኝም። የማስበው ከእኔ በኋላ የሚያገባትን ሰው ነው። መልኩን አላውቀውም። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። እንደሱ የጠላሁት ሰው ግን የለም።