በዝምታው ቀን የቆመው ፋይል

በሕይወቴ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ የምኮራበት አንድ ቁልፍ ነው። ሰፊ፣ ሰማያዊ፣ በድረ ገጻችን መሃል ብቻውን የተቀመጠ። «እዚህ ጣሉት» ይላል፤ ሌላ ነገር አይልም።

ጓሯችን ባለችው ክፍል እኔና የባሌ ወንድም ዴዋ የቆዩ ቅጂዎችን ድምፅ እናጸዳለን። ደንበኞቻችን ተጫዋቾች፣ ዘፋኞችና የቤተ መቅደስ ሰዎች ናቸው። ድሮ ፋይላቸውን በፍላሽ ይዘው በሞተር ብስክሌት ይመጡ ነበር፤ ፍላሹ ወይ ይረሳል ወይ ዝናብ ይመታዋል። በኢሜይል እንዳይልኩት ደግሞ ኢሜይል ትልቅ ነገር አይቀበልም። ዴዋ መላ አገኘሁ ብሎ ድረ ገጽ ሠራ። ዐሥራ አንድ ጥያቄ፣ የይለፍ ቃል፣ ከዚያ ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ እያለ የትራፊክ መብራት የሚያስለቅም። አንድ የሠርግ ዘፋኝ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ተቆለፈበትና ስልክ ደውሎ ሰደበን። እኔም በዴዋ ላይ ጮህኩበት።

«ሰው ዕቃ ሊያስቀምጥ ሲመጣ በር ላይ ፈተና ይፈተናል እንዴ?»

ሁሉንም ጠራርጌ ጣልኩት። አሁን ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ሊንክ በስልክ እልክለታለሁ፤ ይከፍታል፣ ፋይሉን ይጥላል፣ አለቀ። መስመር ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ዴዋ የሙጥኝ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ለሰዓታት ተቋርጠው የቀሩ ፋይሎች በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቀትር ሲሆን፣ በራሳቸው ይጠረጉ አለ። «ዲስካችን የቆሻሻ መጣያ አይደለም» አለኝ። እሺ አልኩትና ረሳሁት።

ደሴታችን በሙሉ በዓመት አንዴ ሥራና እሳት ትታ የምትውልበት የዝምታው ቀን ሳምንት ሲቀረው ፔካክ ሬጎግ ደወሉልኝ። ከተራራው ሥር ያለው መንደር በሙሉ «ፔካክ»፣ አያታችን፣ ነው የሚላቸው። ጋሜላን የሚባለው የደሴታችን የነሐስ ሙዚቃ መምህር ናቸው፤ የመሣሪያውን የነሐስ ምላሶች በሁለት እጅ በትንንሽ መዶሻ እየመቱ ይጫወታሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ቁልፍሽ ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ይጫነዋል?»

«በአንድ ጣት ይጫኑታል፣ ፔካክ።»

«የኔ ጣት እኮ ተጣሟል።»

«ለተጣመመም አይጨክንም።»

ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። የመምህራቸው ጨዋታ ከሃምሳ ዓመት በፊት በካሴት ተቀድቶ ነበር። ካሴቶቹን ሻጋታ በልቶ ሳይጨርሳቸው በፊት የወንድማቸው ልጅ ሁሉንም በአንድ ፋይል ላፕቶፕ ላይ ገልብጦላቸዋል፤ ላፕቶፑ ግን አሁን እንደ እንሽላሊት ቅጭ ቅጭ ማለት ጀምሯል። የመጨረሻው ካሴት ላይ «የሽመላዎቹ መመለስ» የሚባል ዜማ አለ። ሠላሳ ዓመት ማንም አልተጫወተውም። ከሚያውቁት ሰዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ረስተውታል።

«ሊነጋጋ ሲል ይመጣልኛል» አሉኝ። «ልይዘው ስል ይሄዳል። በሚመጣው ወር ለቤተ መቅደሱ በዓል ልጆቹን ላስተምራቸው ቃል ገብቻለሁ። ካልሆነ ከኔ ጋር ይቀበራል።»

«ይላኩልኝ። ላፕቶፑን ብቻ እንዳያጠፉት፤ ከጠፋ ላይነሳ ይችላል» አልኳቸው።

ፋይሉ ዐሥራ ሁለት ጊጋ ነው። መንደሩ ያለው የስልክ ኢንተርኔት ብቻ ነው፤ እሱም ደመና ሲመጣ የሚያኮርፍ ዓይነት። ፔካክ ቁልፉን ከተጫኑት ጀምሮ ለሦስት ቀን ከኔ በኩል ሆኜ ሲሞላ አየሁት፤ እንስራ ከምታንጠባጥብ ምንጭ ሲሞላ እንደማየት ነበር። በዝምታው ዋዜማ፣ ወጣቶች ከቀርከሃና ከወረቀት የሠሯቸውን ጭራቆች በከበሮ እያስጨፈሩ ሲያዞሩ በዋሉበት ዕለት፣ ከመቶ ሰባ ደረሰ። በማግስቱ ንጋት ላይ ሰማንያ አንድ። ከዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ እንደ ልማዱ የደሴቲቱ የስልክ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ዝምታው ገባ።

እሳት የለም፣ መብራትም እንደ እሳት ነው፤ ሥራ የለም፣ ከግቢ መውጣት የለም። ፋይሎቹ የሚገቡበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ብርሃኑ እንዳይታይ አንድ ጨርቅ ጣል አድርጌበት ወጣሁ። ሰማንያ አንድ ላይ መቆሙ አላስጨነቀኝም፤ ነገ ካቆመበት ይቀጥላል፤ የኔ ቁልፍ እንደዚያ ነው።

በዚያ ቀን የማይሰማ ነገር ይሰማል። የጎረቤት ውሻ ሲራመድ የእግሩ ጥፍር ድንጋዩን ሲነካ። አበባ ከዛፍ ሲወድቅ። ግድግዳ በሌለው ሰቀላችን ጠርዝ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ሰማዩን ሳይ፣ አንድም አውሮፕላን የለም፤ ሰማዩ ራሱ የታጠበ መሰለኝ። ሰምቼው የማላውቀው የፔካክ ዜማ ከሩዝ ማሳው ማዶ የሚመጣ መሰለኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። ነጫጭ ሽመላዎች ውኃው ላይ ያርፋሉ፤ አንዱ ሲያርፍ አንድ ድምፅ፣ ሌላው ሲያርፍ ሌላ። እየነቃሁ ይሁን እየተኛሁ አላውቅም። እንዲህ ሆኜ ብሞት አይከፋኝም ብዬ አሰብኩ።

ፀሐይዋ አናቴ ላይ ልትደርስ ስትል የዴዋ መጥረጊያ ትዝ አለኝ።

ብድግ አልኩ። መስመሩ ከተቋረጠ ሰዓታት አልፈዋል፤ ቀትር ላይ ሰርቨሩ ሰማንያ አንዱን ጠርጎ ይጥለዋል። ያ የሚቃትት ላፕቶፕ እንደገና ከዜሮ ይጀምር? ሌላ ሦስት ቀን ይችላል? ዴዋ በሚስቱ ቤተሰብ ግቢ ነው። እኔ ደግሞ ትእዛዙን ለመሰረዝ ስክሪን ማብራት አለብኝ። አማቴ ከእህል ጎተራው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ በጉልበቴ እየዳህኩ ሄጄ አጠገባቸው አረፍኩ።

«እማማ» አልኩ በሹክሹክታ፣ «ክፍሉ ገብቼ ትንሽ ነገር ብሠራ ኃጢአት ነው?»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«ስክሪን አበራለሁ። አንድ መስመር እጽፋለሁ።»

«እሳትም ሥራም፣ ሁለቱንም ባንዴ። ጎበዝ! ለምን ገበያም ደርሰሽ አትመጪም?»

ዕንባዬ መጣ። የፔካክን ነገር፣ የመምህራቸውን፣ የቀትሩን መጥረጊያ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። አማቴ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ ጥላው ወደ እግራቸው ሲሳብ ትንሽ አዩት።

«ማጥፋትስ?» አሉኝ።

«ምን?»

«ማብራት ነው ክልክሉ። ማጥፋትን ማን ከለከለሽ? ጨርቅ ከሸፈንሽበት ሥር እንደ ድመት ዓይን የሚያበራውን ያላየሁት መሰለሽ? የጠፋ ነገር ይጠርጋል እንዴ?»

አይጠርግም! ሮጥኩ፤ በዚያ ቀን መሮጥ ነውር መሆኑን እንኳ ረስቼ። ጨርቁን ገልጬ ጣቴን ማጥፊያው ላይ አሳረፍኩ። አረንጓዴዋ መብራት ከሰመች፣ ለአራት ዓመት ቆሞ የማያውቀው ማራገቢያ ቀስ እያለ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ግቢያችን በእውነት ዝም ያለው።

በማግስቱ ሲነጋ አበራሁት፣ ከሁሉ አስቀድሜ የዴዋን ትእዛዝ ሰረዝኩ። ሰማንያ አንዱ አለ። እስኪቀጥል ጠበቅኩ። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ንቅንቅ የለም። ደወልኩ።

«ፔካክ፣ ላፕቶፑ እንዴት አደረ?»

«እምቢ አለ፣ ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ ብጫነው ብጫነው ቅጭ ይልና ዝም።»

«ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

«ትናንት ጎህ ሲቀድ አጠፋሁት። መብራቱ ግድግዳውን ሰማያዊ አድርጎት፤ በዝምታ ቀን በኔ ቤት መብራት ይታይ? የመንደሩ ጠባቂዎች ምን ይሉኛል?»

«አያጥፉት ብዬዎት ነበር እኮ!»

«አንቺማ ብለሻል። አማልክቱስ?»

ተናደድኩ፤ ሽማግሌ ላይ ጮህኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያፈርኩት። የራሴን በጨርቅ ስሸፍን የሳቸውን ሸፍኑት ማለት ለምን አልታየኝም? ቁልፉን ቀላል ለማድረግ ዓመት ሙሉ ስደክም፣ ቁልፉን የሚጫነው ሰው በምን ዓይነት ቤት እንደሚኖር አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ ፔካክ በወንድማቸው ልጅ ሞተር መጡ፤ ላፕቶፑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ዴዋ ፈታትቶ አየው፤ ዲስኩ ሞቷል። ሰርቨራችን ላይ ያለው ብቻ ቀረ። ትናንት ቀትር ሊሆን የነበረውን ስነግረው ዴዋ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ተቀምጦ ጎደሎውን ፋይል እንዲከፈት አድርጎ አስተካከለው።

ወደ መጨረሻው ካሴት አለፍን። ከቅጂው ውስጥ አንድ ሰው ሲስል ተሰማ። ፔካክ «መምህሬ ናቸው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዜማው ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ውኃ ላይ የሚያርፍ ነገር ይመስል ነበር፤ ዜማ መጫወት የማላውቀው እኔ እንኳ ጸጉሬ ቆመ። የፔካክ እጆች ጠረጴዛው ላይ አብረው ሄዱ፤ ጣታቸው ይመታል፣ አንጓቸው ድምፁን ያፍናል።

ድንገት ተቋረጠ። ሰማንያ አንድ እዚያ ላይ አለቀ።

ፔካክ ግን አላወቁም። ዓይናቸው እንደተጨፈነ እጆቻቸው ጠረጴዛው ላይ መሄዳቸውን ቀጠሉ። ዴዋ በእግሩ ጣቶች ጫፍ ተነስቶ ጥግ ያለችውን አሮጌ የነሐስ መሣሪያ ጎትቶ ከፊታቸው አቀረበና መዶሻዎቹን እጃቸው ውስጥ አስገባ። ነሐሱ ጮኸ። ሽማግሌው ነቅተው አዩን፣ ግን አላቆሙም። እኔ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ብዙ ሄዱ። ከዚያ መዶሻው አየር ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ባዶ ነው» አሉ።

«ይብቃን፣ ፔካክ?»

«ምን ይብቃን! መምህሬ ቢሰሙኝ በመዶሻቸው አናቴን ይሉኝ ነበር» አሉና በአንጓቸው ዕንባቸውን ጠረጉ። «ከዚህ ወዲያ ያለው የሳቸው አይደለም፤ የኔ ነው። ለልጆቹም እንደዚያ ብዬ እነግራቸዋለሁ። እየቀዳሽ ነው?»

«እየቀዳሁ ነው።»

ትንሽ አሰቡና ነሐሱን መቱት።