ድኛለሁ አለች

እናቷ ስትሞት የመረቀችው ታናሽ እህቷን ነው። አጣቢዋ አንሶላ በጨመቀች ቁጥር ይህ ነገር ከውሃው ጋር ይወጣላታል፤ ግን አያልቅም። እናትየዋን ዓመታት ያገላበጠች፣ ያጠበች፣ ያጎረሰች እሷ ናት። በመጨረሻዋ ቀን ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ አፍ አፏን ስታይ፣ አሮጊቷ ቤቱን ጥላ የጠፋችውን ልጇን ስም ጠርታ፣ "የሄድሽበት ይቅናሽ፣ እግዜር አይጣልሽ" አለችና ዓይኗን ከደነች። አጠገቧ ላለችው አንድ ቃል የለም። "ልፋት ለኔ፣ ምርቃት ለሷ" ትላለች አጣቢዋ እስከ ዛሬ።

ይህችው ታናሽ ከብዙ ዓመት በኋላ ሳንባዋን ታማ፣ አንድ ከረጢት አንጠልጥላ ተመለሰች። አጣቢዋ አላባረረቻትም። እንዲያውም አልጋዋን ለቀቀችላትና ራሷ መሬት ላይ ተኛች። እንድትድንላትም ጾም ያዘች፤ ጉልበቷ እስኪላጥ ሰገደች። ይህን ለሰው አታወራም። የምታወራው ለእግዜር ብቻ ነው፤ እሱም እንዳይረሳ ማታ ማታ ትደግምለታለች።

"እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ" አለች ተኳሿ በሩን በትከሻዋ ገፍታ እየገባች። ተኳሿ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ልብስ ተኳሽ ናት። ይዛ የምታውቀው ካውያ እንጂ ጠመንጃ አይደለም፤ ወሬ ሲሆን ግን አትስትም።

"ደግሞ ምን ተገኘ?"

"ስመጣ እህትሽን ጠይቄያት ነው የመጣሁት። እንዴት ነሽ ብላት፣ ድኛለሁ አለችኝ።"

"ድኛለሁ አለች?"

"በዚች ጆሮዬ። ፊቷ ራሱ ቦግ ብሏል።"

አጣቢዋ እጇን ከበረኪናው ውሃ አወጣች። መጀመሪያ ደስ አላት። ቀጥሎ ሌላ ደስታ መጣ፤ ከፊተኛው የሚበልጥ። በቀሚሷ ላይ ጉልበቷን ዳሰሰች። ያዳናት ይሄ ነው። የተመረቀችው ልጅ ባልተመረቀችው ጉልበት ልትቆም ነው። እናታቸው ቀና ብላ ባየች።

"በይ ሂጂ እያት፤ የቀረውን እኔ አሰጣልሻለሁ።"

"ተይው። የራሴን ራሴ።"

አስጥታ ጨርሳ ነው የሄደችው።

ቤት ስትገባ ታናሿ እንደ ጠዋቱ ተኝታለች። ትስላለች። ትራሷ አጠገብ የቫዝሊን ቆርቆሮ አለ። ከመጣች ጀምሮ በየምሽቱ፣ "እጅሽን አምጪ፣ በረኪናው ጨረሰሽ፣ ልቀባሽ" ትላታለች፤ አጣቢዋም በየምሽቱ፣ "የራሴን ራሴ" ትላለች። የተሰነጠቀው እጇ እንዲሁ አለ።

"ድኛለሁ ብለሻል አሉ" አለች ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ።

"አዎ፣ ድኛለሁ።"

"ታዲያ ይሄ ሳል የጎረቤት ነው?"

ታናሿ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደባት። "ከሳንባው አይደለም እታለም። ሳንባውን እግዜር ያውቃል። ነፍሴን ነው የምልሽ። ትናንት ክርስቶስን፣ ዘመኔን አባክኜዋለሁ፣ የማመጣልህ ነገር የለኝም፣ አንተ የሞትክልኝ ይበቃኛል አልኩት። ከዚያ ተኛሁ። እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።"

አጣቢዋስ መቼ እንደዚያ ተኝታ ታውቃለች? ስትጾም፣ ስትሰግድ ኖራ አንድ ቀን እንኳ "ድኛለሁ" ለማለት አፏ አልደፈረም። ሁልጊዜ ትንሽ ይቀራታል።

"በየትኛው ጾምሽ?" አለች። "በየትኛው ስግደትሽ? አልጋዬ ላይ ተጋድመሽ?"

"በየትኛውም።"

"እንዲያው በነጻ?"

"ለኔ ነው እንጂ ነጻ፣ እሱንማ ደሙን አስከፍሎታል።"

"ለነገሩ ለምደሽዋል። የእናቴንም ምርቃት እንዲሁ ነው የወሰድሽው፤ ያውም በሌለሽበት።"

ታናሿ በክርኗ ደገፍ ብላ ቀና አለች። "እማዬ እኮ እኔን የመረቀችኝ ባዶ እጄን ስለሆንኩ ነው። አንቺማ እጅሽ ሙሉ ነበር። የቱ ላይ ታስቀምጥልሽ?"

"ልፋቴን ነዋ የያዝኩት!"

"እሱን ነው የምልሽ፣ እታለም።"

አጣቢዋ ማታ ማታ እንደምታደርገው ወደ ጥጓ ሄዳ ለስግደት ተንበረከከች። ጸሎቷ የሚጀምረው ሁልጊዜ፣ "ጌታዬ፣ ይኸው ዛሬም" ብሎ ነው፤ ከዚያ የጾመችውን፣ የሰገደችውን፣ የቻለችውን ትነግረዋለች።

"ጌታዬ፣ ይኸው ዛሬም" አለች። የሚቀጥለውን ስትፈልግ፣ "በእህቴ ቀናሁ" የሚል ወጣ።

በላዩ የምትጨምርበት ደህና ነገር ፈለገች። ጾሙን አነሳች፣ ጣለችው። ጉልበቷን አነሳች፣ ጣለችው። የደም እድፍ እንዲህ ነው፤ የፈላ ውሃ በጨመርሽበት ቁጥር ይብስበታል። እድፉን ታውቀዋለች፤ የዚህኛው ማስለቀቂያ ግን እሷ ዘንድ የለም።

"አልቻልኩም" አለች ቀስ ብላ። "ለሷ የሞትከው ለኔም ከሆነ፣ በሱ ነው የምመጣው። ሌላ የለኝም።"

ሳትሰግድ ተነሳች። ጉልበቷ ግራ ገባው። ቅናቱ እንደሆነ ጨርሶ አልለቀቃትም፤ እንደ እጇ ስንጥቅ ይቆጠቁጣታል። ቢሆንም ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ያ ቫዝሊንሽ የታለ?"

ታናሿ ክዳኑን ለመክፈት ታገለች። አጣቢዋ ልትቀማት እጇን ሰነዘረችና መልሳ ሰበሰበችው። ጠበቀች። ታናሿ ራሷ ከፈተችው።

"የቱን እጅሽን?"

"ሁለቱንም" አለች፤ ዘርግታ ሰጠቻት።